አካላዊ ለውጥና ኬሚካዊ ለውጥ፦ ዳኛው አዲስ ቁስ ነው

አካላዊ ለውጥ የአንድን ቁስ ቅርጽ፣ መጠን ወይም ሁኔታ ይቀይራል እንጂ ቁሱን ራሱን አይነካውም፤ በረዶ ቢቀልጥም ውሃ ነው። ኬሚካዊ ለውጥ ግን ከነባሩ ቁስ ሌላ ባሕርይ ያለው አዲስ ቁስ ያስገኛል። «አካላዊ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ የሰውን ሰውነት ሳይሆን የቁስን አቋም ያመለክታል። ተማሪዎች ሁለቱን የሚለዩት ብዙውን ጊዜ በምልክት ነው፤ ቀለም ከተለወጠ፣ ሽታ ከመጣ፣ አረፋ ከወጣ ለውጡን ኬሚካዊ ይሉታል። ምልክት ወዴት እንደምናይ ይጠቁመናል። ፍርድ የሚሰጠው ግን «አዲስ ቁስ ተገኝቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ለዚህ የአዲስ አበባው እንጦጦ ተራራ ጥሩ ማስረጃ አለው። ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ የማገዶ እጥረት ሲገጥማት ከውጭ የመጣ ነው። ቅጠሉን በእጅ ቢያሹት ጠንካራ ሽታ ወዲያው ይወጣል። በምልክት ብቻ የሚፈርድ ተማሪ ይህን ኬሚካዊ ለውጥ ይለዋል። ሽታውን የሚሰጠው ዘይት ግን ቀድሞም በቅጠሉ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች ተቋጥሮ ነበር፤ መታሸቱ ከረጢቶቹን ቀደዳቸው፣ ዘይቱም ተነነ። ስለዚህ ለውጡ አካላዊ ነው። ግንዱን መፍለጥና ማድረቅም እንዲሁ ነው። የደረቀው እንጨት ሲነድ ግን ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ይሆናል፤ የሚተርፈው አመድም እንደ እንጨት አይነድም።

አረፋም እንደ ሽታ ያሳስታል። ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው የእንጦጦ አናት፣ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የሚንተከተከው አረፋ የውሃ ተን ነው፤ ቀዝቃዛ ሳህን ቢደፉበት ጠብታ ሆኖ ይመለሳል። በሌላ በኩል ቤኪንግ ሶዳ ላይ አቼቶ ሲፈስ የሚወጣው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፦ ኖራ በውሃ በጥብጦ፣ አስተኝቶ፣ ጥርት ያለውን መቅዳት፤ ከዚያም ጋዙን በቱቦ ወደዚያ ውሃ ማስገባት። ውሃው ነጭ ደፍራሳ ይሆናል። የኖራው ውሃ ዓይንና ቆዳ ስለሚጎዳ ሙከራው በመምህር ፊት ይሠራ።

«ወደ ነበረበት የሚመለስ አካላዊ፣ የማይመለስ ኬሚካዊ ነው ብንል አይቀልም?» የሚሉ አሉ። ይቀላል፤ ትክክል ግን አይደለም። የተፈለጠ እንጨት ተመልሶ ግንድ አይሆንም፤ ቁሱ ግን ያው እንጨት ነው። የሞባይል ስልክ ባትሪ ደግሞ ኃይል ሲሰጥ ኬሚካዊ ለውጥ ያካሂዳል፤ ቻርጅ ሲደረግ ያ ለውጥ ወደኋላ ይመለሳል። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የጨው ጉዳይ ነው። ጨው በውሃ ሲሟሟ ሶዲየምና ክሎራይድ አዮኖቹ ስለሚለያዩ፣ ለውጡ ኬሚካዊ ነው የሚሉ የመስኩ ሰዎች አሉ። መከራከሪያቸው ክብደት አለው፤ በሁለቱ ለውጦች መካከል ያለው ድንበርም በየቦታው እኩል ስለታም አይደለም። ሆኖም ውሃው ሲተን ያው ጨው ስለሚገኝ፣ መማሪያ መጻሕፍት መሟሟትን ከአካላዊ ለውጥ መመደባቸው ለጀማሪ ተገቢ ነው።

ስለዚህ መምህራን የምልክት ዝርዝር ከማስጠናት ይልቅ፣ ተማሪው ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን ቁስ እንዲመረምር ቢጠይቁት ይበጃል። ቅጠል፣ ውሃ፣ ኖራ፣ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ያለው ክፍል ይህን ለማድረግ ውድ ቤተ ሙከራ መጠበቅ የለበትም። «ኬሚካዊ ነው» የሚል ተማሪ የተገኘውን አዲስ ቁስ ይሰይም፤ መኖሩን ያረጋገጠበትንም ሙከራ ያሳይ። መልስ ከማስታወስ ወደ ማስረጃ ማቅረብ የሚያሸጋግረው ይህ ልማድ ነው።