እርም ማውጣት

«እርም» ብቻውን ሲቆም ክልክል ማለት ነው፤ የማይነካ፣ የማይበላ። «እርም ማውጣት» ግን ለሞተብን ሰው በወጉ አልቅሶ ሐዘንን መወጣት ነው። ባሕር ማዶ ሆኖ የእናቱን መርዶ የሰማ ሰው፣ ቀብሩ ካለፈ ከወራት በኋላም ቢሆን አገሩ ሲገባ ለቅሶ ይቀመጣል፤ ጎረቤቱም እንደ አዲስ አብሮት ያለቅሳል። ይህን የተዳፈነ ሐዘን መቆስቆስ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም፤ ያልወጣ እርም ሰውን ከውስጥ ይበላዋል።

የቃሉ ክብደት የሚታየው ለቅሶው ሲከለከል ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ብዙ ወላጆች ማልቀስ አልተፈቀደላቸውም። ነጠላ ማዘቅዘቅና ድንኳን መጣል ቀርቶ፣ ሬሳውን እንኳ ያላገኙ ነበሩ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወድቆ ከጅምላ መቃብሮች አጽም መውጣት ሲጀምር፣ ከአሥር ዓመት በላይ የታፈነው ለቅሶ አብሮ ወጣ። እነዚያ እናቶች እርማቸውን ያወጡት ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ተስፋ ለቆረጥንበት ጉዳይ ሁሉ «እርሜን አወጣሁ» ማለት ለምደናል። እኔ ግን ቃሉ ለሟች ቢቀመጥ እመርጣለሁ።