ቬፕ ይዞ በአውሮፕላን መጓዝ
ከውጭ አገር በአዲስ አበባና በአሶሳ በኩል ወደ ባምባሲ የሚመጣ ዘመድዎ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) የሚያጨስ ከሆነ፣ ከመነሳቱ በፊት ይንገሩት። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ቬፕን ወደ አገር ማስገባትም መሸጥም ይከለክላል። አየር መንገዱ ቢፈቅድለት እንኳ ሲደርስ ሊወሰድበት ይችላል።

ቬፕ በሚፈቀድባቸው አገሮች መካከል ሲበሩ፦

• መሣሪያውንና ትርፍ ባትሪውን በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ ለጭነት በሚያስረክቡት ሻንጣ ውስጥ አይክተቱ። የሊቲየም ባትሪ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ሰው ባለበት ከተነሳ ግን ቶሎ ታይቶ ይጠፋል።
• ፈሳሹን ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ጠርሙስ ይያዙ።
• በአውሮፕላን ውስጥ ማጨስም ቻርጅ ማድረግም ክልክል ነው።

ፈሳሹ ኒኮቲን ካለው መርዛማ ነው። ሕፃን ከዋጠው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

በጉዞ ላይ ሱሱ እንዳያስቸግርዎት ስለ ኒኮቲን ማስቲካ ወይም ፕላስተር አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።