ሰንበት የሌለበት ሳምንት፤ በፈረንሳይና በሶቭየት ኅብረት የተደረጉ ሁለት ሙከራዎች

ሃይማኖት ባይኖር የሰው ልጅ ማኅበራዊ ኑሮ ይሻል ነበር ወይስ ይብስ ነበር የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ሁለቱ ወገኖች ምሳሌ በመቍጠር ነው። አንደኛው ወገን በሃይማኖት ስም የተደረገውን ጦርነትና ግፍ ይቈጥራል፤ ሁለተኛው የተመጸወተውን ድኻና የተጠበቀውን ሥነ ምግባር ይዘረዝራል። ሁለቱም የሚቈጥሩት እውነት ስለ ሆነ ክርክሩ መጨረሻ የለውም። ለታሪክ ተማሪ ግን ሌላ መንገድ አለው፤ ሃይማኖትን ከማኅበራዊ ኑሮ ነቅለው ለማውጣት የሞከሩ መንግሥታት ነበሩና የሙከራቸውን ውጤት መመርመር ይችላል። ከዚህም ውስጥ ነገሩን ይበልጥ አጉልቶ የሚያሳየው ብዙ የተጻፈለት የአብያተ ክርስቲያናት መዘጋት ሳይሆን፥ ጥቂት የሚነገርለት የሳምንት መለወጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድሞ ለፈረንሳይ አብዮተኞች የሚገባቸውን ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል። በዚያ አገር የልደት፥ የጋብቻና የሞት መዝገብ የሚጠበቀው በካቶሊክ ደብሮች ካህናት እጅ ነበር። ሉዊ 14ኛ በ1685 የናንትን ዐዋጅ ከሻረ ወዲህ፥ ፕሮቴስታንት የሆነ ሰው በራሱ ሥርዐት ቢያገባ ጋብቻው በሕግ ፊት እንዳልተፈጸመ ይቈጠር ነበር፤ ልጆቹ ዲቃላ ይባላሉ፥ ርስት መውረሳቸውም በክርክር ላይ ይወድቃል። በ1762 በቱሉዝ ከተማ ዣን ካላስ የሚባል ፕሮቴስታንት ነጋዴ፥ ልጁ ካቶሊክ እንዳይሆን ብሎ ገደለው ተብሎ በመንኰራኵር ተሰብሮ ሞተ። ቮልቴር ስለዚህ ሰው ባነሣው ክርክር ፍርዱ የተሻረው ከሞተ በኋላ በ1765 ነው። ንጉሡ በ1787 ባወጣው ዐዋጅ ካቶሊክ ላልሆኑት መዝገብ ተፈቀደላቸው፤ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1792 የወጣው ሕግ ደግሞ መዝገቡን በሙሉ ለከተማና ለመንደር ሹማምንት አስረከበ። ይህ ሥራ ከዚያ ወዲያ ወደ ቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም። ናፖሌዎን ከሮማው ጳጳስ ጋራ ሲታረቅ አልመለሰውም፤ በ1814 ዙፋናቸውን ያገኙት የቡርቦን ነገሥታት እንኳ፥ ፍችን በ1816 ሲከለክሉ፥ መዝገቡን በነበረበት ተዉት። በዚህ በኩል ሃይማኖት ከአንድ ሥራ በመውጣቱ ማኅበራዊው ኑሮ እንደ ተሻሻለ መካድ አይቻልም።

ሸንጎው ግን በዚህ አልቆመም። ኦክቶበር 5 ቀን 1793 ዢልቤር ሮም ባቀረበው ጥናት መሠረት አዲስ የዘመን አቈጣጠር ታወጀ። ዓመቱ ባለ 30 ቀን 12 ወሮች ሆነ፤ በመጨረሻም 5 ወይም 6 ቀን ተጨመረበት። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሲሰማ ጳጉሜን ማሰቡ አይቀርም፤ መልኩ በጥንታዊው የግብፅ አቈጣጠር የታወቀ ነውና አልተሳሳተም። ልዩነቱ ያለው በሳምንቱ ላይ ነው። ወሩ ለሦስት ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል 10 ቀን ሆነ፤ እሑድ ቀርቶ «ዴካዲ» የሚባለው ዐሥረኛው ቀን የዕረፍት ቀን ተባለ። የቅዱሳን ስም ከየቀኑ ተፍቆ በምትኩ የተክል፥ የእንስሳና የመሣሪያ ስም ተጻፈ፤ አንዱ ቀን የወይን፥ አንዱ የፈረስ፥ አንዱ የማረሻ ሆነ።

ይህ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ነበረ ለመረዳት፥ ክርስቲያን የሆነ የኢትዮጵያ ገበሬ ወሩን እንዴት እንደሚቈጥር ማስታወስ ይጠቅማል። ለእርሱ 12 ሚካኤል ነው፤ 21 ማርያም፥ 27 መድኃኔ ዓለም፥ 29 ባለ ወልድ ነው። ማኅበር የሚጠጣው በእነዚህ ስሞች ነው፤ ብድር የሚመለሰው፥ ሽማግሌ የሚቀመጠው፥ ሠርግ የሚቀጠረውም በእነዚህ ስሞች ነው። ከቀኑ ላይ ስሙን የሚያነሣ መንግሥት ጸሎቱን ብቻ ሳይሆን ቀጠሮውን ሁሉ ያነሣል። የፈረንሳይም ገበሬ እንደዚሁ በቅዱሳን ቀን ኪራይ የሚከፍልና ሎሌ የሚቀጥር ሰው ነበር። ኤሚል ዱርኬም በ1912 ባሳተመው ጥናቱ የቀን አቈጣጠር የማኅበር ኑሮን ምት የሚገልጽ ነው ሲል ያስረዳው ነገር እዚህ ላይ በገሃድ ይታያል።

ዴካዲ በፓሪስ ሹማምንት ዘንድ ተከበረ፤ በመንደር ግን ሥር አልሰደደም። በ1798 የወጡት ሕጎች በዚያ ቀን ሱቅ እንዲዘጋ አዘዙ፤ ጋብቻም በዴካዲ ቀን በወረዳው ዋና ከተማ ብቻ እንዲፈጸም አስገደዱ። በዮን አውራጃ ካህናቱ የተሰደዱባቸው መንደሮች በአስተማሪ ወይም በሌላ ምእመን መሪነት እሑድ እሑድ ተሰብስበው፥ ቍርባን የሌለበት ጸሎት ያደርሱ ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን ሁሉ በሃይማኖተኛነት ብቻ መተርጐም ትክክል አይሆንም። በዓመት 52 የነበረው የዕረፍት ቀን ወደ 36 ዝቅ ሲል፥ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የማያውቅ ወዛደርም ቢሆን እሑዱን መመኘቱ አያስደንቅም።

ከዚህ የበለጠ ችግር የታየው በሕሙማን ቤት ነው። በኦገስት 1792 የደናግል ማኅበራት በሕግ ፈረሱ፤ በ1794 የሆስፒታሎቹ ርስት ተወረሰ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ድኻን መርዳት ምጽዋት መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ዕዳ ይሆናል የሚል ነበር። ግን ዕዳውን የሚከፍል ገንዘብ አልነበረም፤ በሌሊት ከሕመምተኛ አጠገብ የምትቀመጥ ሴትም በዐዋጅ አትገኝም። ዲሴምበር 22 ቀን 1800 የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሻፕታል፥ ራሱ የኬሚ ሊቅና የአብዮቱ ሰው ሲሆን፥ ቪንሳን ደ ፖል በ1633 የመሠረተው የእኅቶች ማኅበር እንደ ገና ተሰብስቦ ለሆስፒታል ሥራ ልጃገረዶች እንዲያሠለጥን ፈቀደ። እሑድ በ1802 የሹማምንት የዕረፍት ቀን ሆነ፤ አዲሱም አቈጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1806 ጀምሮ ቀረ።

እንግዲህ ሃይማኖት ቢወገድ ይሻላል ወይ የሚለው ጥያቄ፥ «ሃይማኖት» የሚለውን ስም እንደ አንድ ነጠላ ነገር ስለሚይዝ ገና ከመነሻው ጐባጣ ነው። መዝገቡን ከካህኑ እጅ የሚቀበል ጸሓፊ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የእኅቶቹን ሥራ የሚቀበል ሰው ግን አልተዘጋጀም። ነቃዮቹ የሳቱት ስለ እግዚአብሔር መኖር በነበራቸው አሳብ አይደለም፤ በዚያ ላይ ታሪክ ዳኛ ሊሆን አይችልም። የሳቱት ሸክሙን ከማውረዳቸው በፊት ተሸካሚውን ባለመፈለጋቸው ነው።

በሶቭየት ኅብረት የተደረገው ሙከራ ከዚህ ይልቅ ድፍረት ነበረበት። በ1929 ዩሪ ላሪን ባነሣው ሐሳብ የፋብሪካ መኪና አንድ ቀን እንኳ እንዳያርፍ ሳምንቱ 5 ቀን እንዲሆን ተደረገ። ሠራተኞቹ በ5 ክፍል ተመደቡ፤ በየቀኑ አንዱ ክፍል ሲያርፍ አራቱ ይሠራሉ፤ ክፍሉም በቀለም ይለይ ነበር። በቍጥር ሲታሰብ ሠራተኛው ተጠቀመ እንጂ አልተጐዳም፤ ከ7 ቀን አንድ ያርፍ የነበረው ከ5 ቀን አንድ ማረፍ ጀመረ። ሆኖም ባል በቢጫው ቀን፥ ሚስት በቀዩ ቀን፥ ወዳጃቸው በአረንጓዴው ቀን የሚያርፉ ሆኑ። ማንም በጋራ የማያርፍበት ዕረፍት በዓል አልሆነም። መኪናዎቹም ኀላፊያቸው በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ይሰባበሩ ጀመር። በዲሴምበር 1931 የጋራ ዕረፍት ያለው የ6 ቀን ሳምንት ተተካ፤ ጁን 26 ቀን 1940 ደግሞ በ7 ቀን የሚቈጠረው ሳምንት ተመለሰ። መመለሱ ለቤተ ክርስቲያን ክብር አልነበረም፤ በጦርነት ዋዜማ የሥራውን ቀን ለማብዛት ነው። ነገር ግን በመስኮብ ቋንቋ የእሑድ ስም «ትንሣኤ» ማለት ስለ ሆነ፥ እግዚአብሔር የለም የሚለው መንግሥት ሕጉን ሲጽፍ የዕረፍቱን ቀን በዚሁ ስም ጠራው። ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ በ1937 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ፥ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በላይ ከሆነውና መልስ ከሰጡት ከግማሽ የሚበልጡት አማኞች ነን ብለው ነበር፤ ውጤቱ ተደብቆ፥ ቈጠራውን የመሩት ሰዎች ታሰሩ።

በኢትዮጵያ ስለ ሳምንት የተደረገው ታላቅ ክርክር ሰንበትን ለማጥፋት ሳይሆን ሁለት ለማድረግ ነበር። ስለ ቀዳሚት ሰንበት የተሰደዱት የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት የረቱት፥ በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ባስወሰኑት ጉባኤ ነው። በ1974 ሥልጣን የያዘው ደርግ የቤተ ክርስቲያንን መሬት በ1975 ወረሰ፤ ፓትርያርኩን በ1976 ከመንበራቸው አወረደ። ሳምንቱንና ዐሥራ ሦስቱን ወር ግን አልነካም፤ እንዲያውም የእስልምና በዓላት በአገር ደረጃ እንዲከበሩ ያወጀ እርሱ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ብዙ ጊዜ የሚጠራው እሑድ ጧት ነበር። ቅዳሴው ጎሕ ሲቀድ የሚጀመር ስለ ሆነ፥ ቀድሞ አስቀድሶ ነጠላውን እንደ ለበሰ ወደ ስብሰባው የሚሄድ ሰው ጥቂት አልነበረም።