ውጅግራ ጠመንጃ

ብረትና እንጨት። የፈረንሳይ ሥሪት፣ ሞዴል 1874 (እ.ኤ.አ.)። የአፈሙዝ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፤ ርዝመት 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ ክብደት ከ4 ኪሎ ግራም በላይ።

የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1886 ሌበል ወደተባለው ጠመንጃ ሲዞር ውጅግራ ትርፍ ሆኖ ለገበያ ወጣ። ነጋዴዎች ከታጁራና ከኦቦክ፣ በኋላም ከጅቡቲ በግመል ወደ ሐረርና ሸዋ አስገቡት። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተተኩሷል። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ በ1895 ዓ.ም. ነው።

መዝጊያውን ልብ ይበሉ፤ ካዝና የለውም። ተኳሹ ከዝናሩ አንድ ጥይት መዞ ያጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ ቀለሁን አውጥቶ ሌላ ያጎርሳል። የጥቁር ባሩዱ ጢስ ተኳሹ ያለበትን ቦታ ያሳብቅበታል። የነሐስ ቀለህ አይጣልም ነበር፤ ባሩድና እርሳስ ዳግም ይሞላበታል። ጥይቱ ራሱ በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ አገልግሏል፤ ከጠመንጃው ይልቅ የዘመኑን ኑሮ የሚናገረውም እሱ ነው።

ኢትዮጵያ በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ከብሪታንያ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር የመሣሪያ ንግድን የሚቆጣጠር ውል ፈርማለች። ዛሬ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው።