የካዛንችስ ስምና የተማሪ ቤት እኩልነት ታሪክ

ትምህርት ለሁሉ በእኩል ይዳረስ የሚለው ቃል በየስብሰባው የሚሰማ፤ በየመሥሪያ ቤቱም ጽሑፍ የሚነበብ ነው። ነገር ግን ይህ እኩልነት በተማሪ ቤቱ በር ላይ ያበቃልን? ወይስ ከበሩ ገብቶ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ መድረስ ይገባዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ በገዛ ከተማችን መካከል ያለው የካዛንችስ ሠፈርና አካባቢው ቂርቆስ በቂ ታሪክ አላቸው።

ካዛንችስ የሚለው ስም ከአማርኛ የተገኘ አይደለም። ፋሽስት ኢጣልያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፤ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ እንዲሠራ የተቋቋመው የኢጣልያ ድርጅት በዚህ ሥፍራ ቤቶች አቆመ። የድርጅቱ ስም በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ» ማለትም በቋንቋቸው ቤቶች ማለት ነው። ሕዝቡም ሁለቱን ቃል በአፉ አለስልሶ ካዛንችስ አለው። እንግዲህ ስሙ ቤቶቹን ብቻ ሳይሆን፤ ማን እንዲኖርባቸው እንደ ተሠሩም ጭምር ይናገራል።

ይኸው ቤትን በዘር የለየ መንግሥት ተማሪ ቤትንም እንዲሁ ለየ። በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ተማሪ ቤቶች በሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ወገን በኢጣልያ ተማሪ ቤቶች ሥርዐት የሚመራ፤ ሁለተኛው ደግሞ ለቅኝ ተገዦች የተመደበ ሆነ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ለኢጣልያውያን ልጆች ትምህርት ተወሰደ። ለአገሬው ልጅ የተተወለት ትምህርት ትእዛዝ ሰምቶ ለመሥራት ከሚያበቃው የሚያልፍ አልነበረም። ከዚያ ቀደም ብሎ በግንቦት ወር የወጣው የአስተዳደር ሕግ አገሪቱን በየግዛቱ ከፋፍሎ ለየግዛቱ የማስተማሪያ ቋንቋ መድቦ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። ልጅ በእናቱ ቋንቋ መማሩ በራሱ መልካም ነገር እንደ ሆነ ዛሬ ማንም የሚክደው አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም መብት አድርጎ አጽንቶታል። ሆኖም ወራሪው ቋንቋውን የሰጠው ልጁን ከፍ ሊያደርግበት ሳይሆን ካለበት እንዳይነቃነቅ ሊያጥርበት ነበር። ስለዚህ በየትኛው ቋንቋ ተማረ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ የተማረው ትምህርት ወዴት አደረሰው ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

በእርግጥ ከወራሪው በፊት ሁሉ ነገር የተስተካከለ ነበር ብለን አናታልልም። በቆሎ ተማሪ ዘንድ የባለጸጋውም የድኻውም ልጅ ደበሎ ለብሶ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ቁራሽ ይለምን ነበር፤ ይህ በእውነት የሚያስደንቅ እኩልነት ነው፤ ሴት ልጅ ግን ከጥቂቶች በቀር በዚያ ጉባኤ አልነበረችም።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የካዛንችስ ቤቶች ነዋሪ ተለወጠ፤ በዙሪያቸውም የጭቃ ቤቶች፤ ጠላ ቤቶችና ሱቆች በዙ። በሠፈሩ ጫፍ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሲዮን መቀመጫ የሆነው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያው ዓመት ከግንቦት 7 ቀን እስከ 17 ቀን፤ ኮሚሲዮኑ ከዩኔስኮ ጋር ሆኖ የአፍሪካ መንግሥታትን የትምህርት ጉባኤ በከተማችን ሰበሰበ። ጉባኤው እስከ 1972 ዓ.ም. ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በመላው አፍሪካ ለሁሉ የሚዳረስ፤ ነጻና ግዴታ እንዲሆን ወሰነ። ቍጥሮቹ ጎን ለጎን ሲቀርቡ ግን፤ ቅኝ ያልተገዛችው አገራችን ተማሪ በማስገባት ከብዙዎቹ እኅት አገሮች ወደ ኋላ መቅረቷ ታየ። አስተናጋጅ ሆኖ በገዛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር መስማት ቀላል አይደለም።

ከዚያም ወዲህ መንግሥት ነገሩን ያስጠና ጀመር። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ካቀረባቸው ዐሳቦች አንዱ፤ ለሁሉም ልጅ የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስ፤ ከዚያ በላይ ግን የሚያልፈውን መወሰን ነበር። ለአዘጋጆቹ ፍርድ እንስጥ ብንል፤ ያሰቡት በገጠር ተማሪ ቤት አይቶ ለማያውቀው ለብዙኃኑ ልጅ ነው፤ ገንዘቡም ጥቂት ነበር። ወላጁና መምህሩ ግን ያነበቡት ሌላ ነገር ነው። የድኻ ልጅ ከ4ኛ ክፍል ሊቆም፤ ያለው ሰው ልጅ ደግሞ በገንዘቡ ሊያልፍ ነው ብለው ተረዱት። በደመወዝ ጕዳይ ቀድሞም ያዘኑት መምህራን የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ ታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ መወደድ ምክንያት በዚያው ቀን ቆሙ። ጥናቱ እንዲቈይ ተደረገ፤ የተነሣው ንቅናቄ ግን በዚያ አልበረደም፤ ዓመቱ ሳይዞር ዘውዱን የሻረው ለውጥ ተከተለ። ስለ ክፍል እኩልነት የተነሣ ጥርጣሬ ይህን ያህል ኀይል ሊኖረው እንደሚችል ከዚያ በፊት የገመተ ያለ አይመስለንም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፤ ብዙ እናቶች ስማቸውን መጻፍ የቻሉት ያን ጊዜ ነው።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ድንጋጌና ስለ ጉባኤ ነው። በክፍል ውስጥ ስላለው ነገር ለመናገር ግን ራሳችን ወደ ተቀመጥንበት ወንበር መመለስ ይኖርብናል።

እኛ ከካዛንችስ ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል የገባነው በ1997 ዓ.ም. ነው። ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት የገባውም በዚያው ዓመት ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፤ መምህሩ ሊያቆመው አይችልም፤ የክፍለ ጊዜውም አብዛኛው በርሱ ያልቃል። በቤቱ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ያለው ተማሪ ይከተላል፤ ሌላው ሥዕሉን ያያል። የመማሪያ መጽሐፍም አንዱ ለሦስት ነበር፤ ማታ ወደ ቤት የሚሄደውም ብዙ ጊዜ ከጠንካራው ተማሪ ጋር ነው።

ከእኛ ጋር ከወላይታ የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ጧት ጫማ እየጠረገ፤ ከቀትር በኋላ ይማራል፤ የሚያድረውም ጥግ በሰጡት በአንዲት ባልቴት ቤት ነው። አማርኛ ሲናገር ክፍሉ ይስቃል፤ ለምን እንዋሻለን፤ እኛም ስቀናል። በኋላም መጠየቁን ተወ።

የታሪክ መምህርታችን ነገሩን ሳያዩት አልቀሩም፤ ነገር ግን ስለ መሳቅ አልተቈጡም። አንድ ቀን፤ ሠፈራችሁ ለምን ካዛንችስ ተባለ? በቤታችሁ ያለውን በዕድሜ ትልቁን ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ ብለው የቤት ሥራ ሰጡን። የቤት ሥራው መጽሐፍ አይፈልግም፤ እንግሊዝኛም አይፈልግም። የሚፈልገው አረጋዊ ነው፤ አረጋዊ ደግሞ በድኻ ቤትም አይታጣም።

አብዛኞቻችን «የጣልያን ስም ነው» ከማለት አላለፍንም። ያ ልጅ ግን ሁለት ገጽ አነበበ። እማማ በልጅነታቸው ለእነዚያ ቤቶች እንጨት ያቀርቡ እንደ ነበር፤ በጓሮ በኩል አውርደው ይመለሱ እንደ ነበርና በፊት ለፊቱ በር አንድ ቀን እንኳ ገብተው እንደማያውቁ ጻፈ። መምህርታችንም ያን ጽሑፍ መነሻ አድርገው የወረራውን ዘመን ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማሩን። መጽሐፉም ወደ ቤት የሚሄደው በተራ እንዲሆን የቀኑን ዝርዝር በግድግዳ ለጠፉ። ሳቁ በአንድ ቀን ቀረ አንልም፤ ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ እጁን ያወጣ ጀመር።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንችስ ብዙው ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ልዩ ልዩ ሥፍራ ተዛውረዋል፤ የእኅታችንም ቤተ ሰብ አብሮ ተዛወረ። የ5ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጇ በአዲሱ ትምህርት ቤት ከየት እንደ መጣች ተጠይቃ ካዛንችስ ብላ መለሰች። መምህሩም፤ ትርጕሙን ታውቂያለሽ? ካላወቅሽ ጠይቀሽ ነገ ንገሪን አሏት። በዚያው ማታ ስልክ ደውላ፤ «አጎቴ፤ ካዛንችስ ምን ማለት ነው?» አለችን። እኛም ከእማማ የእንጨት ሸክም ጀምረን ነገርናት፤ እርሷም እየጻፈች፤ ቀስ በሉ ትለን ነበር።