ድራኩላ የተባለው ስም ጥንተ ነገር

ድራኩላ የሚለው ስም ዛሬ ከመቃብር እየተነሣ ደም የሚመጥ ርኩስ መንፈስ መጠሪያ ሆኖ ቢቀርም፣ ጥንተ ነገሩ ግን ለቅዱስ መስቀል ከተገባ ቃል ኪዳን የመጣ የክብር ስም ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1408 ዓ.ም. የሀንጋሪው ንጉሥ ሲጊስሙንድ፣ የክርስትናን ሃይማኖት ከቱርክ ሠራዊትና ከመናፍቃን እንዲጠብቁ መኳንንቱን በመሐላ አስተሳስሮ፣ የዘንዶ ማኅበር የተባለውን ሥርዓት አቆመ፤ አርማውም ጅራቱን በገዛ አንገቱ ላይ የጠመጠመና በጀርባው መስቀል ያረፈበት ዘንዶ ነበር፤ ይኸውም ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ እግር ሥር እንደ ጣለው ያለ ድል የተነሣ ከይሲ እንጂ የሚፈራ አውሬ አልነበረም።

በዛሬይቱ ሮማንያ ውስጥ የምትገኘው የዋላኪያ ልዑል ቭላድ በ1431 ዓ.ም. በኑርንበርግ ከተማ ከዚህ ማኅበር በገባ ጊዜ፣ ዘንዶ ማለት ከሆነው ከላቲኑ ድራኮ ወጥቶ ድራኩል የሚል ቅጽል ተሰጠው፤ ስሙን የወረሰው ልጁ ቭላድም ድራኩላ፣ ማለት የድራኩል ልጅ ተባለ፤ የእኛ ግዕዝ ወልደ ብሎ ከፊት የሚያስቀድመውን ልጅነት የእነርሱ ቋንቋ በቃሉ መጨረሻ ያመለክተዋልና። ልጁም በዚህ ስም ደብዳቤ ይፈርምበት ነበር እንጂ አላፈረበትም።

ሆኖም በሮማንያ ቋንቋ ይኸው ቃል ዲያብሎስንም የሚያመለክት ሆነ፤ ወንጌላዊው ዮሐንስም በራእዩ ታላቁን ዘንዶ ሰይጣን ብሎ የጠራው ስለ ሆነ፣ የሁለቱ ትርጕም መቀራረብ አያስደንቅም። የልጁ ሥራ ደግሞ ክፉውን ትርጕም አበረታው፤ ጠላቶቹን በሾለ እንጨት እየሰካ ይገድል ነበርና፣ በ1462 ዓ.ም. የቱርኩ ሱልጣን መሕመድ ወደ ቭላድ ዋና ከተማ ወደ ትርጎቪሽቴ ሲቃረብ፣ የሠራዊቱ ዓይን ያረፈው በእንጨት ላይ በተሰኩ እጅግ ብዙ ሬሳዎች ላይ ነበር። የጀርመን ማተሚያ ቤቶችም ጭካኔውን በየአገሩ አዳረሱት።

የአየርላንዱ ተወላጅ ደራሲ ብራም ስቶከር በ1890 ዓ.ም. በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ በዊትቢ ሳለ፣ ዊልያም ዊልኪንሰን በ1820 ዓ.ም. ስለ ዋላኪያና ሞልዳቪያ ያሳተመውን መጽሐፍ ሲያነብ፣ ድራኩላ ማለት በዋላኪያ ቋንቋ ዲያብሎስ ነው የሚል የግርጌ ማስታወሻ አገኘ፤ አስቀድሞ ዋምፒር ሊለው ያሰበውን የደም መጣጭ ባለታሪኩን ስምም በዚህ ለውጦ ልብ ወለድ መጽሐፉን በ1897 ዓ.ም. አወጣ። እኔ እንደምረዳው ግን ከልዑሉ የወሰደው ከስሙ እምብዛም አያልፍም፤ የቭላድ ዙፋን በዋላኪያ ሳለ፣ ስቶከር ባለታሪኩን በትራንሲልቫኒያ አስቀምጦ፣ በትውልዱ በዚያው ከሚኖረው ከሴኬይ ሕዝብ እንደ ሆነ በገዛ አፉ እንዲመካ አድርጎታልና።