ፍየል የበላችው የልደት ቀን

ሊሮይ "ሳቸል" ፔጅ በአላባማ፣ በሞቢል ከተማ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 1906 ነው። ዛሬ ይህን በድፍረት እንጽፋለን፤ በሕይወት ሳለ ግን የቤዝቦሉ ንጉሥ ዕድሜ አሜሪካን ሲያነታርክ ኖሯል።

በልጅነቱ ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸክሟል፤ ማረሚያ ቤትም ገብቷል። ኳስ አወራወርን በወጉ የተማረው እዚያው ነው። ትልቁ ሊግ (ሜጀር ሊግ) ለጥቁሮች ዝግ ስለነበር፣ ጉልምስናውን በጥቁሮች ሊግ አሳለፈ፤ በርሚንግሃም፣ ፒትስበርግ፣ ካንሳስ ሲቲ። በ1937 ደግሞ አምባገነኑ ትሩሂዮ ወደሚገዛት ዶሚኒካን ተሻግሮ ተጫውቷል።

ክርክሩ የጦፈው በ1948 የክሊቭላንድ ኢንዲያንስ ባለቤት ቢል ቪክ ሲያስፈርመው ነው። የ"ስፖርቲንግ ኒውስ" አሳታሚ ቴይለር ስፒንክ፣ በዚህ ዕድሜ ተጫዋች ማስፈረም ስፖርቱን ማቃለል ነው ሲል ጻፈ። ፔጅ ዕድሜውን ለጠየቀው ሁሉ መልስ ነበረው፤ ልደቱ የሰፈረበትን መጽሐፍ ቅዱስ ፍየል በልታዋለች! በነሐሴ አጋማሽ 78,382 ተመልካች ፊት ቆሞ ቺካጎ ዋይት ሶክስን 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ተጋጣሚዎቹ ኳሱን መትተው ቤዝ የደረሱት ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር። ክሊቭላንድም በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ።

እናቱ ወይዘሮ ሉላ በ1959 ለጋዜጠኛ ሌላ ነገር ነገሩ፤ ልጄ 53 ሳይሆን 55 ዓመቱ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱሴ ላይ ጽፌዋለሁ አሉ። ያ ፍየል የበላችው መጽሐፍ መሆኑ ነው! ፔጅ በበኩሉ መጽሐፉን አሳይተውኝ አያውቁም፣ እርጅናም ያስረሳል ብሎ አለፈው። የሞቢል የልደት መዝገብ ግን 1906 ይላል። መዝገቡ ላይ ፍየል አልደረሰችም። ፔጅም ቢሆን እውነቱ የጠፋው አይመስልም፤ ሰው "ሽማግሌውን" ለማየት ቲኬት እስከገዛ ድረስ ምን አስቸኮለው?

በ1965 የሜጀር ሊጉ የካንሳስ ሲቲ ቡድን ባለቤት ቻርሊ ፊንሊ በ59 ዓመቱ መልሶ አሰለፈው። በጨዋታው መሐል የሚያርፍበት ተወዛዋዥ ወንበርና ነርስ ተዘጋጅተውለታል። ቦስተን ሬድ ሶክስ በሦስት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) አንድም ነጥብ አላገኘበትም።

በ1971 ከዝነኞቹ አዳራሽ ገባ፣ በ1982 አረፈ። በ2024 ሜጀር ሊግ የጥቁሮቹን ሊጎች ውጤት ከይፋዊ መዝገቡ ጋር አዋህዷል። በ1948 ስፒንክ "አርጅቷል" ያለው የ42 ዓመቱ አዲስ ገቢ፣ በዛሬው መዝገብ ከ1927 ጀምሮ የሜጀር ሊግ ተጫዋች ሆኖ ተመዝግቧል።